በማኅበራዊ ሚዲያ የሙያ ገጽ ውጤታማነት መለኪያ

የሙያ ገጽ ውጤታማነት መለኪያ ማለት አንድ ባለሙያ፣ ድርጅት ወይም ሥራ ፈላጊ በማኅበራዊ ሚዲያ የከፈተው ገጽ፣ ቻናል ወይም ፕሮፋይል የታለመለትን ሥራ እየሠራ መሆን አለመሆኑን በቁጥር የማወቂያ ዘዴ ነው። የታለመው ሥራ እንደየሰዉ ይለያያል፤ ለአንዱ ቅጥር፣ ለሌላው ደንበኛ፣ ለተመራማሪ ደግሞ ጥናቱን የሚያነብ የሙያ አጋር ማግኘት ነው። በኢትዮጵያ ለዚህ ዓላማ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ሊንክድኢን ያገለግላሉ። መድረኮቹ ለገጹ ባለቤት ብዙ ቁጥር ያሳያሉ፤ ከቁጥሮቹ አብዛኞቹ ግን የሚናገሩት ሰው በመድረኩ ላይ ምን እንዳደረገ እንጂ ገጹ ለባለቤቱ ሥራ እንዳመጣለት አይደለም።

ልዩነቱ ከትላልቅ ከተሞች ይልቅ በትናንሾቹ ጎልቶ ይታያል። ለሚ በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን የእንሳሮ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከሙከጡሪ ወደ ዓለም ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በመስከረም 2017 ዓ.ም. በአካባቢው የተመረቀው ለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ በቀን 150,000 ኩንታል ሲሚንቶ የማምረት ዐቅም እንዳለው ተገልጿል። እንዲህ ያለ ፋብሪካ በተተከለበት አካባቢ ሥራ የሚፈልግ ቀያሽ፣ በያጅ ወይም የሒሳብ ባለሙያ ለጋዜጣ ማስታወቂያ የሚከፍለው ገንዘብ ላይኖረው ይችላል፤ ስልክና የቴሌግራም ቻናል ግን አይጠፋውም። ቻናሉ ይጠቅመው እንደሆነ ማወቅ ለእርሱ የትርፍ ጊዜ ጉጉት አይደለም፤ የኢንተርኔት ጥቅል የሚገዛው ከኪሱ ነው።

የልኬት ዓይነቶች

ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያየው የተከታይ ብዛትን ነው። ለመቁጠር የቀለለ ነው፤ ለማሳሳትም እንደዚያው። ተከታይ ማለት አንድ ቀን አንድ ቁልፍ የነካ አካውንት ነው፤ ባለቤቱ ዛሬ ስልኩን ቀይሮ፣ አካውንቱን ትቶት ወይም የቻናሉን ድምፅ አጥፍቶ ሊሆን ይችላል። ተደራሽነት የሚባለው አንድ ጽሑፍ በስንት የተለያዩ ሰዎች ስክሪን ላይ እንደታየ ይገልጻል። ዕይታ ከዚህ ይለያል፤ አንድ ሰው ጽሑፉን ሦስት ጊዜ ቢያየው ተደራሽነቱ 1፣ ዕይታው 3 ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። ተሳትፎ ደግሞ ላይክ፣ አስተያየት፣ ማጋራትና ሊንክ መንካት ተደምረው የሚሰጡት ቁጥር ነው። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣው ውጤት ነው፦ የተደወለ ስልክ፣ ለቃለ መጠይቅ የቀረበ ጥሪ፣ የተፈረመ ውል።

በቴሌግራም ቻናል ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር የዓይን ምልክት ያለው ቁጥር የራሱ ጠባይ አለው። ጽሑፉ ወደ ሌላ ቻናል ወይም ግሩፕ ፎርዋርድ ሲደረግ እዚያ የተመለከቱት ሰዎች በዋናው ቁጥር ላይ ይደመራሉ። ስለዚህ 640 አባላት ባሉት ቻናል ላይ 3,000 ዕይታ ያለው ጽሑፍ ቢገኝ የግድ ማጭበርበር አይደለም፤ አንድ ትልቅ የሥራ ማስታወቂያ ቻናል አስተላልፎት ይሆናል። በአንጻሩ ሰው ጽሑፉን ኮፒ አድርጎ ቢለጥፈው ወይም ስክሪንሾት አንሥቶ ቢልከው ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ዕይታ በጊዜ ብዛት የሚጨምር በመሆኑም የትናንቱን ጽሑፍ ከስድስት ወር በፊት ከተለጠፈው ጋር ማወዳደር ፍትሐዊ አይሆንም። የተሻለው መንገድ የእያንዳንዱን ጽሑፍ ቁጥር በተመሳሳይ ዕድሜ፣ ለምሳሌ ከተለጠፈ ከ48 ሰዓት በኋላ፣ መመዝገብ ነው።

አንድ ልኬት ምን እንደሚቆጥር በትክክል ካልታወቀ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2016 ሰዎች ቪዲዮ የሚመለከቱበትን አማካይ ጊዜ አብዝቶ ሲያሳይ እንደቆየ አመነ። ስህተቱ የማካፈል ስህተት ነበር፤ ጠቅላላው የመመልከቻ ጊዜ የተካፈለው ቪዲዮውን ለከፈቱት ሁሉ ሳይሆን ከ3 ሰከንድ በላይ ለቆዩት ብቻ ነው። አካፋዩ ሲያንስ አማካዩ አበጠ። ሁለት ዓመት ያህል አስተዋዋቂዎች ገንዘባቸውን የመደቡት ይህንን ቁጥር እያዩ ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2019 ከሳሾቹ ጋር በ40 ሚሊዮን ዶላር ለመታረቅ ተስማማ።

ስሌቱ በምሳሌ

በለሚ ሁለት ቀያሾች አሉ እንበል፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። አንደኛው በገጹ 12,000 ተከታይ አለው፤ አንድ ጽሑፉ በአማካይ ለ900 ሰው ይደርስና 18 ሰዎች ይሳተፉበታል። ሁለተኛው ያለው 640 ተከታይ ነው፤ ጽሑፉ ለ400 ሰው ይደርሳል፣ 24 ሰዎች ይሳተፉበታል። የተሳትፎ ምጣኔ የሚገኘው ተሳትፎን ለተደራሽነት አካፍሎ በ100 በማባዛት ነው፦

18 ÷ 900 × 100 = 2 በመቶ
24 ÷ 400 × 100 = 6 በመቶ

ተሳትፎውን ለተከታይ ብዛት የሚያካፍሉም አሉ። በዚያ ስሌት የመጀመሪያው 0.15 በመቶ፣ የሁለተኛው 3.75 በመቶ ይሆናል። ሁለቱም ስሌቶች በአንድ ስም ስለሚጠሩ አካፋዩ ያልተገለጸበት የተሳትፎ ምጣኔ ለንጽጽር አይረባም። የገጽ ማሳደግ ሥልጠና የሚሰጡ ሰዎች በማስታወቂያቸው ላይ የሚጠቅሷቸው ምጣኔዎች ብዙ ጊዜ እንዲህ ያሉ ናቸው።

በወሩ ውስጥ ለመጀመሪያው ቀያሽ ማንም አልደወለም፤ ለሁለተኛው 3 ሰዎች ደውለው አንዱ ውል ፈረመ እንበል። ሁለተኛው ለኢንተርኔት 600 ብር አውጥቶ ከሆነ እያንዳንዱ ጥሪ 200 ብር አስወጥቶታል ማለት ነው። ጽሑፍ ሲያዘጋጅ ያመሸበት ሰዓት በዚህ ውስጥ የለም፤ ቢቆጠር ኖሮ ሒሳቡ ሌላ ይሆን ነበር።

እንዲህ ያሉ ትናንሽ ቁጥሮች ግን በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። በዘፈቀደ የሚመጡ ነገሮች ሲቆጠሩ፣ ምንም የተለወጠ ነገር ሳይኖር እንኳ ቁጥሩ በስኩዌር ሩቱ ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። በወር በአማካይ 9 ጥሪ የሚደርሰው ሰው አንድ ወር 6፣ በሌላው 12 ቢደወልለት የአጻጻፍ ስልቱን ለመቀየር የሚያበቃ ምክንያት አላገኘም። 100 ጥሪ የሚደርሰው ሰው 60 ሲደወልለት ግን አንድ ነገር ተበላሽቷል።

ሁሉንም በአንድ ነጥብ የመግለጽ ሙከራ

ብዙ ልኬቶችን ጨፍልቆ አንድ ነጥብ መስጠት የቆየ ፍላጎት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተመሠረተው ክላውት የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ለእያንዳንዱ የማኅበራዊ ሚዲያ ተጠቃሚ ከ1 እስከ 100 የሚደርስ የተሰሚነት ነጥብ ይሰጥ ነበር። ዘፋኙ ጀስቲን ቢበር ሙሉ 100 ሲያገኝ በወቅቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ባራክ ኦባማ ከእርሱ በታች ነበሩ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2012 ስሌቱን ሲቀይር ኦባማ በለጡ። በመካከል የተለወጠው የሁለቱ ሰዎች ተሰሚነት ሳይሆን ቀመሩ ነው። ክላውት እ.ኤ.አ. በ2014 ለሊቲየም ቴክኖሎጂስ ተሸጦ በሜይ 25 ቀን 2018 ተዘጋ።

ሊንክድኢን እ.ኤ.አ. በ2014 ያስተዋወቀው ሶሻል ሴሊንግ ኢንዴክስም ከ100 የሚታሰብ ነው። የሙያ ስምን መገንባት፣ ተገቢ ሰዎችን ማግኘት፣ ጠቃሚ ሐሳብ ማካፈልና ግንኙነት ማጠናከር እያንዳንዳቸው 25 ነጥብ ይይዛሉ። ነጥቡ የሚሰላው ሰውየው ሊንክድኢንን እንዴት እንደሚጠቀምበት ታይቶ ነው፤ ስለዚህ ስሙ በአፍ ተሰምቶ ደንበኛ የሚጎርፍለት ጥሩ የብረት ሠራተኛ ዝቅተኛ ነጥብ፣ ቀኑን ሙሉ መድረኩ ላይ የሚውል ሥራ ፈላጊ ደግሞ ከፍተኛ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። በምሁራን ዘንድም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። የተመራማሪዎች መድረክ የሆነው ሪሰርችጌት ለአባላቱ ይሰጠው የነበረውን አር.ጂ. ስኮር ግልጽነት ይጎድለዋል የሚል ነቀፌታ ለዓመታት ሲቀርብበት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2022 አስወግዶታል።

የአማርኛ ጽሑፍ ሲቆጠር

ገጹ በሰዎች ዘንድ ምን ያህል እንደሚነሣ ለማወቅ ከሚደረጉት ነገሮች አንዱ ስሙን ወይም የድርጅቱን ስም በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መፈለግና የተጠቀሰበትን ጊዜ መቁጠር ነው። ለእንግሊዝኛ የተሠሩ መሣሪያዎች እዚህ ላይ በአማርኛ ይቸገራሉ። ለሚ ራሷ ጥሩ ምሳሌ ናት። «ለሚ» የሚለውን ሁለት ፊደል የሚፈልግ ፕሮግራም ከከተማዋ ይልቅ «ለሚፈልጉ»፣ «ለሚመዘገቡ»፣ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚሉትን ቃላት ይለቅማል፤ በአማርኛ ማስታወቂያ ውስጥ ከእነዚህ የበዛ ቃል ማግኘት ያስቸግራል። ሙሉ ቃል ብቻ እንዲፈልግ ቢታዘዝ ደግሞ በአዲስ አበባ የሚገኘው የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ዜና ይገባበታል፤ «ከለሚ»፣ «በለሚ»፣ «የለሚ» የሚሉት ግን ያመልጡታል፤ የከተማዋ ስም በብዛት የሚገኘው ደግሞ በእነዚሁ ውስጥ ነው። መፍትሔው ቃሉን ከጎረቤቱ ጋር መፈለግ ነው፦ ለሚ ከእንሳሮ፣ ከሰሜን ሸዋ ወይም ከሲሚንቶ ጋር።

ሁለተኛው ችግር ሞክሼ ፊደላት ናቸው። «ፀሐይ» የሚል ስም ያለው ሱቅ የመጀመሪያው ፊደል በሁለት መንገድ (ፀ፣ ጸ)፣ ሁለተኛው በስድስት መንገድ (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) ሊጻፍ ስለሚችል በድምፅ አንድ የሆኑ 12 አጻጻፎች አሉት። ሰው ሁሉንም አንድ አድርጎ ያነባል፤ ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ የዩኒኮድ ቁጥር ስላለው 12 የተለያዩ ቃላት ናቸው። በሃሽታግ ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል፤ የአንድ ዘመቻ ተሳታፊዎች ሳያውቁት በተለያዩ ሃሽታጎች ይበተናሉ። ስለዚህ በአማርኛ ጽሑፍ ላይ የሚሠሩ ፕሮግራመሮች ከመቁጠራቸው በፊት ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ፊደል ይቀይራሉ። ፕሮግራም መጻፍ ለማይችል ሰው ያለው ምርጫ ሁሉንም አጻጻፎች እየለዋወጡ መፈለግ ነው፤ አሰልቺ ቢሆንም ይሠራል። አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፉ ደንበኞች ሲጨመሩ ደግሞ የአጻጻፉ ብዛት ወሰን የለውም።

አስተያየቶችን ደጋፊና ነቃፊ ብሎ መለየት ከዚህም ይከብዳል። «ጎበዝ ነህ» የሚል አስተያየት ከልብ የመጣ ምስጋና ወይም ሽሙጥ ሊሆን ይችላል፤ ለመለየት ከላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። 20 አስተያየት ያለው ገጽ ባለቤት ለዚህ ፕሮግራም አያስፈልገውም፤ አንብቦ በወረቀት ላይ ቢመድባቸው ከማንኛውም መሣሪያ የተሻለ ውጤት ያገኛል።

ኢንተርኔት የተቋረጠበት ወር

በኢትዮጵያ የአንድ ገጽ ቁጥር ሲወርድ የመጀመሪያው ጥያቄ ጽሑፉ ምን ጎደለው የሚል መሆን የለበትም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንታት ያህል ኢንተርኔት በአገር አቀፍ ደረጃ ተቋርጦ ነበር። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ያለ ቪ.ፒ.ኤን. አይከፈቱም ነበር። በአማራ ክልል ደግሞ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ደንበኞቹ በሰሜን ሸዋ የሆኑ ባለሙያ የነዚያን ወራት ግራፍ ቢያይ የሚያገኘው ስለ አገልግሎቱ ጥራት የሚናገር ነገር የለም።

እንዲህ ያለው ጊዜ በንጽጽር ውስጥ ከመግባት ይልቅ ተለይቶ መቀመጥ አለበት። ዜሮ ብሎ መመዝገብ ስህተት ነው፤ የአሥራ ሁለት ወር አማካይ ውስጥ ሦስት የተቋረጡ ወራት ዜሮ ሆነው ሲገቡ ቀሪዎቹ ዘጠኝ ወራት ደካማ ይመስላሉ። ትክክለኛው ቦታውን ባዶ ትቶ ለዘጠኝ ማካፈል ነው። ቪ.ፒ.ኤን. በተስፋፋበት ወቅት ደግሞ ሌላ ብልሽት አለ። መድረኮች የተመልካችን አገር ሲገምቱ ከሚያዩት ነገር አንዱ የኢንተርኔት አድራሻው ስለሆነ ደብረ ብርሃን ተቀምጦ የሚያነብ ሰው በአውሮፓ እንዳለ ተመልካች ሊቆጠር ይችላል። ገጼን ውጭ አገር ያለ ሰው አወቀው ብሎ የተደሰተ ካለ ደስታው የቪ.ፒ.ኤን. ሰርቨር ሊሆን ይችላል።

ኢንተርኔት ባልተቋረጠበት ጊዜም ቢሆን ጠቅላላው የተጠቃሚ ቁጥር መታወስ ይኖርበታል። ዳታሪፖርታል የተባለው የመረጃ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በኢትዮጵያ 24.83 ሚሊዮን የኢንተርኔት ተጠቃሚዎች እንዳሉ ገምቷል፤ ይህም ከሕዝቡ 19.4 በመቶ ነው። የማኅበራዊ ሚዲያ ተጠቃሚዎችን 7.05 ሚሊዮን ያደረሳቸው ሲሆን አንድ ሰው ከአንድ በላይ አካውንት ሊኖረው ስለሚችል ቁጥሩ የሰዎች ቁጥር ተደርጎ መወሰድ እንደሌለበት ራሱ ያሳስባል።

ሰዓትና ዘመን አቆጣጠር

አንዳንድ የመለኪያ መሣሪያዎች ሰዓትን በዓለም አቀፉ የዩ.ቲ.ሲ. አቆጣጠር ያሳያሉ፤ የኢትዮጵያ ሰዓት ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል። ግራፉ ላይ 17:00 የሚለው በአዲስ አበባ 20:00፣ በአገር ልማድ ማታ 2 ሰዓት ነው። ቀኑም የሚለወጠው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይሆናል። ወራቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ስለሚሰሉ የመስከረም ወር ሥራ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር መካከል ይከፈላል። የዐቢይ ጾም 55 ቀናት በየዓመቱ ቦታ ስለሚቀይሩ ልኳንዳ ቤት ያለው ሰው የዘንድሮውን ማርች ከአምናው ማርች ጋር ቢያወዳድር ያነጻጸረው ጾምን ከፍስክ ጋር ሊሆን ይችላል።

ከስክሪን ውጭ የሚገኘው ውጤት

በኢትዮጵያ ደንበኛ ሊንክ ከመንካት ይልቅ መደወል ይቀናዋል። የስልክ ቁጥሩን ከጽሑፉ ላይ አንብቦ፣ በወረቀት ገልብጦ ወይም ከጓደኛው ስልክ ላይ አይቶ ይደውላል። አንድ የቅጥር ማስታወቂያ በቴሌግራም ወጥቶ በስክሪንሾት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ፣ በዜንደር ሲተላለፍ፣ በመጨረሻም ታትሞ በሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ መድረኩ የሚያውቀው የመጀመሪያውን እርምጃ ብቻ ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለት ሲም ካርድ ያለው ሰው አንዱን ቁጥር በቴሌግራም ላይ፣ ሌላውን በፌስቡክ ላይ ብቻ ቢያወጣ ጥሪው ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ ያውቃል። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ሲም በአንድ ስልክ የሚይዝ ሰው ይህን ያለ ተጨማሪ ወጪ ሊያደርገው ይችላል። አንድ ቁጥር ብቻ ያለው ደግሞ «ስልኬን ከየት አገኙት?» ብሎ ጠይቆ መልሱን በደብተር ይመዘግባል። የቴሌግራም ቻናል አስተዳዳሪ ብዙ የመጋበዣ ሊንኮችን ፈጥሮ ለእያንዳንዱ ስም መስጠት ይችላል፤ አንዱን በፌስቡክ ገጹ፣ ሌላውን በቢዝነስ ካርዱ ላይ ቢያደርግ በየሊንኩ ስንት ሰው እንደገባ ቴሌግራም ያሳየዋል። ለሥራ ፈላጊም ደብተሩ ያው ነው፤ ያመለከተበት ቀን፣ ማስታወቂያውን ያየበት ቻናል፣ የተጠራ እንደሆነ የተጠራበት ቀን። ከሃያ ማመልከቻ በኋላ የትኛው ቻናል እንደሚጠቅመው ከላይክ ብዛት በተሻለ ይነግረዋል።

የተከታይ ብዛት በሕግ

የተከታይ ብዛት በኢትዮጵያ ሕግ ውስጥም ገብቷል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ አንድ ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ሊቀጣ እንደሚችል ይደነግጋል። ድርጊቱ የተፈጸመው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት ከሆነ ግን ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል፤ አካውንቱ በዚህ ረገድ ከሬዲዮና ከጋዜጣ እኩል ታይቷል።

ተከታይ በገንዘብ የሚሸጡ ሰዎች ለደንበኞቻቸው ይህን አይነግሩም። 1,500 እውነተኛ ተከታይ ያለው የሙያ ገጽ 4,000 ቢገዛ የሚደውልለት ሰው አይጨምርም፤ የተሳትፎ ምጣኔው ለተከታይ ሲካፈል ከሲሶ በታች ይቀንሳል፤ ከስክሪኑ ላይ የሚነበበው 5,500 ግን የአዋጁን መስመር አልፏል።